በጾም ያልተቀመሰው አይብ

አትክልት ወተት ሲደፋ ማየት አይሆንላትም። ሱሉልታ ውስጥ የሚያውቃት ሁሉ ይህን ያውቅላታል። በጎጃም መንገድ ዳር፣ ከሚኒባስ መቆሚያው አለፍ ብሎ፣ ግድግዳዋ ድንጋይ ጣሪያዋ ቆርቆሮ የሆነች የወተት መሰብሰቢያ አለች። ቤቷ የገበሬዎቹ ማኅበር ናት፤ ነገር ግን አትክልት ከተከፈተች ጀምሮ ስላልተለየቻት ሰው ሁሉ «የአትክልት ቤት» ይላታል። ጠዋት ጠዋት ገበሬው ጀሪካኑን በአህያም በትከሻም ይዞ ይመጣል። እሷ ነጭ ጋወኗን ለብሳ ትፈትሻለች፣ ትለካለች፣ ትቀበላለች። ከዚያ አብዱሰመድ በአይሱዙው ጭኖ አዲስ አበባ ላሉት ማቀነባበሪያዎች ያደርሳል።

አባቷ ከደብረ ማርቆስ ለመንግሥት ሥራ የመጡ ጸሐፊ ነበሩ። እሷ የሱሉልታውን ገበሬ ሁንዴን አግብታ እዚያው ቀረች። ትምህርቷን ከአሥረኛ ክፍል በላይ አልገፋችም፤ ንባብ ግን አልተወችም። መዝሙረ ዳዊቷ ከጋወን ኪሷ አይጠፋም፤ የጤና ጣቢያ በራሪ ወረቀትም ብታገኝ እስከ መጨረሻው ሳታነብ አታስቀምጥም። ከደጃፍ የመጣውን በኦሮምኛ ተቀብላ በአማርኛ ትሸኛለች፤ የትኛው ቋንቋ የት ላይ እንዳለቀ እሷም አታውቀውም።

ዓመቱ በዚህ ዓይነት ደህና ይሄድና ዐቢይ ጾም ሲገባ ይሰናከላል። ከተማው ወተት ይተዋል። ማቀነባበሪያዎቹ መጀመሪያ ግማሹን ብቻ እንቀበላለን ይላሉ፤ ሳምንት ሳይቆይ እሱንም ይተዋሉ። ላም ግን ጾም አታውቅም። ሁንዴ በየዓመቱ፣ «እነዚህን ላሞች ክርስትና የሚያነሣልን ቄስ ጠፋ» እያለ ይቀልዳል። ቅቤ ይናጣል፤ ነገር ግን የተዳቀለች ላም የምትሰጠውን ያን ሁሉ ወተት ንጦ የሚዘልቅ ክንድ ከየት ይመጣል? የተረፈው ቦይ ይገባል። ቦዩ ነጭ ሆኖ ሲወርድ አትክልት ፊቷን አዙራ ታማትባለች። አንድ ጊዜ የንስሐ አባቷን ይህን መድፋት ኃጢአት ይሆን ወይ ብላ ጠየቀቻቸው። እሳቸውም ጾሙ አትጠጡ አለ እንጂ ድፉ አላለም፣ የሚሆነውን መላ እናንተው ፈልጉ አሏት። ይህ መልስ ለብዙ ዓመት ከልቧ አልወጣም።

መላው የመጣው ካላሰበችው በኩል ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ያኔት የምትባል የዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ፣ በብርጭቆ ብልቃጥ የተሞላ ሣጥን ይዛ፣ በሱሉልታ ቤት ለቤት እርጎ ስትለምን ነበር። ሰው ግራ ገብቶት ሰጣት። ከሁንዴ እናት ከአዴ ገለቴ ቅልም ቀድታ ሄደች። ከዚያ ድምጿ ጠፋ። ሁንዴ ሚስቱን፣ «የእናቴን እርጎ ይዛ አሜሪካ ገባች» እያለ ይተርባት ነበር፤ ልጅቷን ወደ ቤት ያስገባቻት አትክልት ናትና።

ያኔት ተመልሳ ስትመጣ ዶክተር ሆና ነበር። ከአዴ ገለቴ እርጎ ውስጥ አንድ እርሾ ነጥላ አውጥታለች። ይህ በዓይን የማይታይ ፍጡር የሱሉልታን ብርድ ለምዶ የኖረ በመሆኑ፣ ሌላው እርሾ በሚተኛበት ቅዝቃዜ ይሠራል። በእሱ የተሠራ ደረቅ አይብ ያለ ማቀዝቀዣ፣ በቀዝቃዛ ክፍል መደርደሪያ ላይ ብቻ፣ ወራት ይቀመጣል። ይህን ሁሉ ጽፋ በውጭ አገር የምርምር መጽሔት አሳትማለች። ዩኒቨርሲቲውም ግኝቱን በአእምሯዊ ንብረትነት አስመዝግቧል። ከዚያ በኋላ እርሾው በላቦራቶሪው ማቀዝቀዣ ውስጥ ተቀምጦ ቀረ።

የቀረበትን ምክንያት ለአትክልት ያስረዳት ከያኔት ጋር አብሮ የመጣው አቶ ተድላ ነው። ተድላ በዩኒቨርሲቲው ውስጥ የምርምር ውጤት ወደ ገበያ እንዲወጣ የሚሠራው ቢሮ ኃላፊ ነው። እርሾውን ይዞ ያላንኳኳው የፋብሪካ በር የለም። ሁሉም ወንበር ስበው፣ ሻይ አዝዘው፣ አንድ ጥያቄ ብቻ ይጠይቁታል፦ ከላቦራቶሪ ውጭ ማን ሠርቶት ያውቃል? ማንም። አንድ ባልዲ ወተት ላይ የሠራ ነገር አንድ በርሜል ላይ ለመሥራቱ ማረጋገጫ የለም። ፋብሪካዎቹ ሌላው ሞክሮት እስኪያዩ ይጠብቃሉ፤ ሌላውም እነሱን ይጠብቃል። ስለዚህ ተድላና ያኔት የሚሞክረው ሰው ፍለጋ እርሾው ወደተወለደበት መንደር መጡ። ውሉ ግልጽ ነበር። አንድ ዐቢይ ጾም ሙሉ ይሞከራል። ከተሳካ ዩኒቨርሲቲው የማምረት ፈቃዱን ለማኅበሩ ይሰጣል፤ ከሽያጩም ለዩኒቨርሲቲውም ለአካባቢውም ድርሻ ይኖራል። ካልተሳካ የምርምሩ በጀት በዚያው ዓመት ይዘጋል፤ እርሾውም ወደ ማቀዝቀዣው ይመለሳል፤ ምናልባትም ለዘለዓለም።

አትክልት ሌሊቱን ሙሉ አላሰበችበትም። እዚያው ቆማ እሺ አለች። የቸገረው ገበሬውን እሺ ማሰኘት ነበር።

ስብሰባው በመሰብሰቢያዋ ግቢ ተደረገ። ብዙ ላም ያለውና ብዙ ሰው የሚሰማው ኦቦ ጉታ ነው። ዕድሜው ገፍቷል፤ ሲናገር ምርኩዙን ያዞራል። ያኔት የምታወራውን ሁሉ በትዕግሥት ሰምቶ ተነሣ።

«ስሚ ልጄ፣ ዩኒቨርሲቲ መጥቶ ያልለካው ነገር የለንም» አለ። «መሬቱን ለካ፣ በሬውን ለካ፣ የጉድጓዱን ውሃ ለካ፣ ሚስቴን በቀን ስንቴ ታልቢያለሽ ብሎ ጠየቀ። ያመጣልን ነገር ቲሸርት ብቻ ነው።»

ሰው ሳቀ፤ ኦቦ ጉታ ከጋቢው ሥር ያንኑ ቲሸርት ለብሶ ነበርና።

ያኔትም ሳቀች። «እውነትዎን ነው፣ ኦቦ። ዘንድሮ ቲሸርት አልያዝኩም» አለችው።

ሽማግሌው ይህን መልስ ወደደው። ምርኩዙን አቁሞ፣ «ቶሌ» አለ፤ ይሁን ማለቱ ነው። «ይህን አንድ ጾም ወተቴን እሰጣችኋለሁ። ለፋሲካ አይባችሁ ካልተበላ ግን ላሞቼን ሸጬ እገላገላለሁ። በየዓመቱ ወተት ቦይ እየደፋሁ መኖር ሰልችቶኛል።»

ሌሎቹም የእሱን ቃል ቃላቸው አደረጉ። አትክልት ምን እንደተሸከመች ያን ጊዜ ገባት። ኦቦ ጉታ ከሸጠ ሌላውም ይከተለዋል፤ ላሞቹ ከሄዱ መሰብሰቢያዋም ትዘጋለች። አይቡ ከተበላ ደግሞ ከእንግዲህ በዐቢይ ጾም ወተት አይደፋም።

የአይብ መጭመቂያዎቹን ቡራዩ ያለ ብየዳ ቤት ሠራላቸው። የኋለኛው ክፍል ተጠርጎ፣ በኖራ ተለስኖ፣ መደርደሪያ ተመታለት። በዘወረደ ሳምንት ሥራ ተጀመረ። ወተቱ ለብ ይላል፤ እርሾው ይገባል፤ ወተቱን የሚያረጋው ማርጊያ ይጨመራል። ሲረጋ በቢላ ተከትፎ፣ ውሃው ተጠልሎ፣ በመጭመቂያው ይጨመቃል። ከዚያ በጨው ውሃ ውስጥ ተዘፍዝፎ ከሰነበተ በኋላ መደርደሪያ ላይ ይወጣል። ሁንዴ የመጀመሪያውን ክብ አይብ በሁለት እጁ አንሥቶ፣ «ይኼማ ድፎ ዳቦ ነው» ስላለ ስሙ ድፎ ሆኖ ቀረ። በየቀኑ ድፎ በድፎ ላይ እየተደረደረ ክፍሉ ሞላ። አትክልት ጠዋት በሩን ስትከፍት ያንን ቢጫ ረድፍ እያየች ቆም ትልና «ተመስገን» ትላለች። በዚያ ጾም አንድ ጀሪካን ወተት እንኳ ቦይ አልገባም።

ያኔት በሳምንት ሁለቴ ትመጣለች። በመሣሪያዋ ኮምጣጣነቱን ትለካለች፣ እርጥበቱን ትለካለች፤ ቁጥሩ ሁሉ ደህና ነበር።

አንድ ነገር ብቻ ማንም አላደረገም። አይቡን የቀመሰ ሰው አልነበረም። አትክልት ትጾማለች፤ ሁንዴ ይጾማል፤ ገበሬው በሙሉ ይጾማል። ያኔትም ብትሆን ከቤተ ክርስቲያን የማትቀር ልጅ ናት። በዩኒቨርሲቲው ቅምሻ የሚሠሩት ሰዎች የሚጠሩት ምርምሩ ሲያልቅ ነው፤ ያውም ከጾም ውጭ። ስለዚህ ቤት ሙሉ አይብ ያለው ሰፈር፣ አይቡ ምን ምን እንደሚል ሳያውቅ የጾሙ እኩሌታ ላይ ደረሰ።

ነገሩ ለአትክልት የተገለጠላት በመጻጉዕ ሳምንት፣ ለጾም ወጥ ሽሮ ስታማስል ነው። ጨው ጨመረች፣ ከማማሰያው ጫፍ መዳፏ ላይ ጠብ አድርጋ ቀመሰች፣ ትንሽ ደገመች። ከዚያ እጇ እንደተንጠለጠለ ቀረ። አንድ ድስት ሽሮ ሳትቀምስ የማታወጣ ሴት ክፍል ሙሉ አይብ ሳትቀምስ ልትሸጥ ነው።

የማይጾም ሰው አሰበች። መጀመሪያ የመጣላት ሾፌሩ አብዱሰመድ ነበር፤ የእሱ ነገር ግን በዚያ ዓመት አስቸጋሪ ሆነ፤ ረመዳንና ዐቢይ ጾም ተገናኝተዋል። እሱም ፀሐይ ሳትጠልቅ ውሃ አይቀምስም።

በማግስቱ ጭነት ሲያወርድ ነገረችው። አብዱሰመድ ሲያስብ ጢሙን ይጎትታል።

«ቀምሼ ብነግርሽ ደስ ይለኛል፣ አትክልቴ» አላት። «ግን አንድ ነገር ልጠይቅሽ። የፈረንጅ አይብ የሚረጋው በጥጃ ጨጓራ ነው ሲሉ ሰምቻለሁ። ያ ጥጃ በማን እጅ ታረደ?»

ክርስቲያን ያረደውን እንደማይበላ፣ እሷም የእሱን እንደማትበላ ሁለቱም ያውቃሉ፤ በዚህ ተቀይመው አያውቁም። አትክልት ስልኳን አውጥታ ያኔትን ጠየቀቻት። ያኔት ማርጊያው ከእንስሳ እንዳልሆነ፣ በላቦራቶሪ ከሻጋታ እንደተገኘ፣ ይህንንም ከመጀመሪያው የመረጠችው አይቡን ክርስቲያኑም እስላሙም እንዲገዛው ብላ እንደሆነ አስረዳች። አብዱሰመድ ተረጋጋ። «እንዲህ ከሆነ ማታ ይዘሽው ነይ፤ አፍጥረን እንቀምሰዋለን» አለ።

ከዘወረደ ሳምንት ድፎዎች አንዱን ቆርሳ በጨርቅ ጠቅልላ ወደ አብዱሰመድ ቤት ሄደች። አዛኑ እስኪሰማ ከባለቤቱ ጋር በር ላይ ሲያወሩ ቆዩ። አብዱሰመድ በቴምር አፈጠረ፣ ሾርባውን ጠጣ፣ ከዚያ አይቡን አንሥቶ ቆረጠና አፉ ከተተ። አትክልት ዓይኗን ከፊቱ አልነቀለችም።

«ማሻአላህ» አለ እያኘከ። «ጥሩ ነው። በጣም ጥሩ ነው።»

ከዚያ ውሃ ጠጣ። ቆየና እንደገና ውሃ ጠጣ። ሳንቡሳውን አነሣ፣ ሾርባውን አስደገመ፤ ወደ አይቡ ግን እጁ አልተመለሰም።

«አብዱ» አለችው።

«አቤት።»

«ስንት ዓመት ወተቴን ጭነሃል? አንድ ቀን ውሃ የተቀላቀለበት ጭነህልኝ ታውቃለህ?»

«አላውቅም።»

«እንግዲያው ዛሬም ውሃ አትቀላቅልብኝ።»

ሰውየው ባለቤቱን አየ፣ ጣሪያውን አየ። ቀጥሎ በቀስታ፣ እንደ መርዶ ነጋሪ፣ «መራራ ነው፣ እህቴ» አላት። «ሲገባ ደህና ነው። ከዋጥኩት በኋላ ግን ኮሶ የጠጣሁ ነው የመሰለኝ።»

አትክልት አመስግናው ወጣች። ሰው ፊት አላለቀሰችም። ቤቷ ገብታ ግን ዳዊቷን ከፍታ አንዲት መዝሙር እንኳ መጨረስ አቃታት፤ ፊደሉ ይደበዝዝባት ነበር። ሁንዴ ነገሩን ሰምቶ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀልድ አጣ።

ማታውኑ ተደውሎላት ጠዋት ያኔት በመጀመሪያው ሚኒባስ ደረሰች። ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ ወደ ጨው ውሃው ሄዳ መሣሪያዋን ነከረች። አንብባ እንደገና ነከረች። ጨው ውሃው ሳስቷል፤ ከሚገባው በብዙ ሳስቷል። እንዴት እንደሆነ ለማወቅ ወደ ኋላ መለስ ብለው አሰቡ። ሥራው ሲጀመር ያኔት ለአንድ በርሜል ይህን ያህል ጣሳ ጨው ብላ አሳይታ ነበር፤ ያሳየችው በታሸገው ደቃቅ ጨው ነው። ያ ለማሳያው ብቻ ስለበቃ አትክልት ለሥራው ከሱቅ ያመጣችው ሻካራውን ነው። ጣሳው ያው ጣሳ፣ ቁጥሩም ያው ቁጥር፤ ነገር ግን ሻካራ ጨው በመካከሉ ክፍተት ስላለው ጣሳውን ቶሎ ይሞላል፣ ሲመዘን ግን ይቀልላል። በሌላ ወቅት ቢሆን አትክልት ጣቷን ነክራ በቀመሰችው ነበር። አይብ የተዘፈዘፈበትን ውሃ ግን በጾም አፏ ላይ እንዴት ታደርገዋለች?

«በክብደት መዝኑ ማለት ነበረብኝ» አለች ያኔት። «ጣሳ ያልኩት እኔ ነኝ። ላቦራቶሪ ውስጥ በጣሳ ለክቼ አላውቅም፤ እዚህ ስመጣ ሥራውን ያቀለልኩ መስሎኝ።»

«ጨው የቀየርኩትስ እኔ አይደለሁ?» አለች አትክልት። «አሁን ይኼንን እንተወውና መድኃኒት አለው?»

ያኔት ክፍሉን ዞር ዞር ብላ አየች። ጨው ሲያንስ እርሾው ይቸኩላል፤ ወተቱን እየቆራረጠ ያን መራራ ነገር ይተዋል። ጨው ካገኘ ግን ረጋ ይልና ራሱ የተወውን መራራ መልሶ ይበላዋል፤ ይህን በትናንሽ አይቦች ላይ አይታለች። በትልልቆቹ ላይ ማንም አላየም። እስከ ፋሲካ ይደርስ እንደሆነም አታውቅም። ይህን ሁሉ ሳትሸፋፍን ነገረቻቸው። የሚሆን ከሆነ ግን ዛሬ መጀመር አለበት።

ሁንዴ እጅጌውን ሰብስቦ፣ «ታዲያ ምን ቆመን እናወራለን» አለ። ሚዛን ከእህል ነጋዴው ተዋሱ። አዲስ ጨው ውሃ ተበጀ፤ በዚህ ጊዜ ተመዝኖ፣ በመሣሪያ ተለክቶ። ድፎዎቹ ሁሉ ከመደርደሪያ ወርደው እንደገና ተዘፈዘፉ። ያኔት ጫማዋን አውልቃ፣ የሁንዴን የዝናብ ቦቲ አጥልቃ እስከ ማታ አብራ ሠራች።

ወሬ በሱሉልታ ከሚኒባስ ይፈጥናል። ኦቦ ጉታ በሦስተኛው ቀን በር ላይ ቆመ።

«መራራ ነው አሉ» አለ።

አትክልት አልዋሸችም። «ነበር። ጨው አንሶት ነው፤ አስተካክለነዋል።»

«አሁን ጣፈጠ?»

«አናውቅም። ከሆሳዕና በፊት እናስቀምሰዋለን።»

«ላሞቼን የሚያይ ነጋዴ በዚህ ሳምንት ይመጣል።»

«ይምጣ ይያቸው፤ ዓይን አይከፈልበትም» አለችው። «አንቱ ግን እስከ ሆሳዕና ታገሡኝ። በአደባባይ አብዱሰመድን አስቀምሰዋለሁ፤ አንቱ ባሉበት። መራራ ከሆነ ላሞቹን እኔ ራሴ እነዳልዎታለሁ።»

ኦቦ ጉታ ምርኩዙን አዞረ፣ አዞረ። «አብዱሰመድን እኔም አውቀዋለሁ» አለ በመጨረሻ። «ደግ ሰው ነው። ደግ ሰው ደግሞ እንግዳ ሲያበላው መራራ አይልም። ቃሉን አላምንም፤ ፊቱን ነው የማየው።» ብሎ ሄደ። ነጋዴው በሳምንቱ ውስጥ መጥቶ ላሞቹን አይቶ፣ ዋጋ ተናግሮ ተመለሰ። ሽማግሌውም እሺም እንቢም አላለውም።

ኒቆዲሞስ አለፈ። በሆሳዕና ዋዜማ ቅዳሜ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ገበሬው ግቢው ውስጥ ተሰበሰበ። ረመዳን ካለቀ ሰንብቷል። አብዱሰመድ የዒድ ልብሱን ለብሶ መጥቶ ነበር፤ ከመጣ በኋላ ግን ያን ሁሉ ዓይን ሲያይ መልበሱን ሳይጠላው አልቀረም። ተድላም ከዩኒቨርሲቲው መጥቶ ጥግ ይዟል። አትክልት ድፎ መርጣ ልታመጣ ስትል ኦቦ ጉታ ከለከላት። ያ የመጀመሪያው፣ መራራ የተባለው፣ እሱ ራሱ ይምጣ አለ።

መጣ። ሁንዴ ቢላዋውን አንሥቶ ቆረጠ። አብዱሰመድ «ቢስሚላህ» ብሎ አፉ ከተተ። ጾመኛ ሁሉ የሰውየውን መንጋጋ ይከተላል። አኘከ፤ ዋጠ። አትክልት እንደምታውቀው ያ መራራ የሚመጣው ከዋጠ በኋላ ነው።

አብዱሰመድ እጁን ዘርግቶ ሁለተኛውን ቁራሽ አነሣ። እሱንም ዋጠ። ሦስተኛውን ሊያነሣ ሲል ኦቦ ጉታ በምርኩዙ እጁን ነካ አደረገውና፣ «በቃ፣ ፊትህ መስክሯል። የቀረው የፋሲካ ነው» አለ።

ሳቁ መንገድ ድረስ ተሰማ። ያኔት ግድግዳ ተደግፋ ዓይኗን በጋወኗ እጅጌ ጠረገች። አትክልት ወደ ኋለኛው ክፍል ገብታ፣ በሩን ዘግታ፣ በድፎዎቹ መካከል ተንበረከከች። ምን እንዳለች ከእግዚአብሔር በቀር የሰማ የለም።

ቀዳም ሥዑር ገበያ ወጡ። አትክልትና ሁንዴ ሱሉልታ ላይ፣ ያኔት ቡራዩ ላይ፣ ተድላ ከሁለት ገበሬዎች ጋር ሰበታ ላይ ድንኳን ተከሉ። በየድፎው ላይ «ገለቴ» የሚል ጽሑፍ ተለጥፏል። ተድላ መጀመሪያ አንድ የእንግሊዝኛ ስም አምጥቶ ነበር፤ አትክልት ግን እርሾው የወጣው ከማን ቅል እንደሆነ ጠየቀችውና ነገሩ በዚያ አለቀ። የሚገዛው ሰው ጾመኛ፣ የሚሸጠውም ጾመኛ ነው። ሰበታ ላይ አንዲት ወይዘሮ ተድላን፣ «ለመሆኑ ቀምሳችሁታል?» ብላ ብትጠይቀው፣ «እኛስ አልቀመስንም፣ እናታችን፤ ነገ ጠዋት አብረን እናየዋለን» አላት። ሴትየዋ ስቃ፣ እንዲህ ያለ ሐቀኛ ነጋዴ አይታ እንደማታውቅ ነግራው ገዛች። ከሰዓት በኋላ ሦስቱም ድንኳን ባዶ ሆነ።

መሸጡ ግን አትክልትን አላሳረፋትም። ነገ ጎህ ሲቀድ በሦስት ከተማ ያለ ሰው ሁሉ በአንድ ሰዓት ሊቀምሰው ነው። መራራ ከሆነ የሚያፍረው አንድ ሰው ፊት አይደለም።

የፋሲካ ጠዋት ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰው፣ ቤተሰቡ ከበበ። አዴ ገለቴ መርቀው ስማቸው የተጻፈበትን ድፎ ቆረሱ። አትክልት ተቀብላ አፏ ላይ አደረገችው። መጀመሪያ የመጣው ቅቤ ቅቤ የሚል ጣዕም ነው፤ ቀጥሎ የለውዝ የሚመስል ነገር፤ ከዋጠችው በኋላ መጠነኛ ኮምጣጣነት፣ የአማቷን እርጎ የመሰለ። ጠበቀች። መራራው አልመጣም።

አዴ ገለቴ ቀስ ብለው አኝከው፣ «ይኼንን እኔ አውቀዋለሁ» አሉ በኦሮምኛ፤ ፈገግ አሉ።

ስልኩ ገና ማዕዱ ሳይነሣ መጮኽ ጀመረ። ያኔት ከእናቷ ቤት ደውላ ነበር፤ ድምጿ በልቅሶና በሳቅ መካከል ሆኖ፣ አባቷ ድፎውን ብቻቸውን እንደያዙት ነገረቻት። ቀጥሎ ተድላ ደወለ፦ የሰበታዋ ወይዘሮ ከሁለት ጎረቤቶቿ ጋር ስልክ ላይ ሆነው፣ ሌላ ካለ ማክሰኞ እንመጣለን ይላሉ። እሱን ሳትጨርስ የግቢው በር ተንኳኳ። ኦቦ ጉታ ነው፤ አዲስ ጋቢ ለብሶ፣ ባዶ ሳሕን ይዞ።

«እንኳን አደረሳችሁ» አለ። «ልጆቼ ከአዲስ አበባ መጡና ጨረሱብኝ። ለእኔ የደረሰኝ ይህን ያህል ነው» ብሎ በጣቱ ጫፍ አሳየ። «ተርፏል?»

«ለአንቱ ይጠፋል?» አለች አትክልት። ሳሕኑን ተቀበለችው። «ያ ነጋዴስ፣ ኦቦ?»

«የትኛው ነጋዴ?» አለ ሽማግሌው፤ ሁንዴን በዓይኑ ጠቅሶ ወደ ማዕዱ ቀረበ።

በግንቦት ወር፣ በዩኒቨርሲቲው አዳራሽ፣ አትክልት ማኅበሩን ወክላ ፈቃዱን ፈረመች። ያኔ «ማን ሠርቶት ያውቃል?» ይሉ ከነበሩት ፋብሪካዎች የአንዱ ሥራ አስኪያጅም ከፊት ወንበር ተቀምጦ ነበር። ሲያልቅ ተድላን ክንዱን ይዞ እርሾውን እኛም እንፈልጋለን አለው። ተድላ የፈቃዱን ባለቤት አነጋግሩ ብሎ ወደ አትክልት አመለከተው። እሷ ሰውየውን በትሕትና ሰላም አለችውና፣ ከገበሬዎቹ ጋር ተማክራ እንደምትመልስለት ነገረችው። ንግግር አድርጊ ቢሏት ያለችው ጥቂት ነው፦ ዶክተር ያኔት ዕውቀቷን መጽሔት ላይ ትታው እንዳልሄደች፣ ተመልሳ ቦቲ አጥልቃ እንደሠራች፤ ሌሎችም ተመራማሪዎች እንዲሁ ቢያደርጉ አገሩ በረከት እንደሚሞላ። ከዚያ «እግዚአብሔር ይመስገን» ብላ ተቀመጠች። ያኔት ከሁሉም በላይ አጨበጨበች።

አሁን የሰበታና የቡራዩ ማኅበሮች ሴቶች በየሳምንቱ ሱሉልታ እየመጡ ይማራሉ። ያኔትም ተማሪዎቿን ይዛ ትመጣለች፤ ሌላ ግኝት ጀምራለች፣ ከአይቡ የሚጠለለውን ውሃ መጠጥ የማድረግ። ትናንት ጠዋት አትክልት አዲሶቹን ሠልጣኞች በርሜሉ ዙሪያ አቆመቻቸው። ወተቱ ለብ ብሎ ነበር። አንደኛዋ እርሾውን ማን ይጨምር ብትል፣ አትክልት ብልቃጡን በእጇ አስያዘቻት፤ ሴትየዋ አማተበችና ጨመረችው።